ኅዳር ሲታጠን አፍንጫዬ የለም

ዛሬ ኅዳር 12 አይደል፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ ከጦሳ ተራራ ጉም ጋር ተቀላቅሎ ደሴ አትታይም፣ ጎረቤታችን "ኧረ ሽታው ገደለኝ" እያለች ትሮጣለች እኔ ግን ዓይኔን ያቃጥለኛል እንጂ ምንም አይሸተኝም። ኮሮና ከያዘኝ አራት ወሬ፣ ሳሉ በሳምንቱ ለቀቀኝ አፍንጫዬ ግን እንደወጣ ቀረ 😅 (ኅዳር የሚታጠነውም እኮ በ1911 በገባው ኢንፍሉዌንዛ የተነሳ ነው።)

የባሰው ቡናው ነው። እማዬ ስትቆላ የሚሸተኝ የተቃጠለ ጎማ! ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃው የሽታ ነርቮቹን ራሳቸውን ሳይሆን ዙሪያቸው ያሉትን ደጋፊ ሴሎች ነው፣ ከዛ ነርቩ እያገገመ ሲመጣ መልእክቱን አዛብቶ ወደ አእምሮ ይልካል። ይሄንን ለእማዬ ብነግራት "አቦሌን ጎማ አልሽው?" ብላ ተቀየመችኝ።

መርሳቱስ፣ ሱቅ ደርሼ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ይጠፋኛል፣ ጉሙ ጭንቅላቴም ውስጥ ገብቷል መሰለኝ።

ጠዋትና ማታ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባህር ዛፍ እያሸተትሽ ለወራት ተለማመጂ ተብያለሁ፣ እማዬ በራሷ አደስ ጨምራበታለች። ማታ ሎሚውን ሳሸት የሆነች ነገር ሽው አለችኝ፣ ወይ ደግሞ ተመኝቼው ነው።