ሥጋ የሌለው ፍየል

ዛሬ አዘዞ እህቴ ቤት ሄጄ ከልጇ ጋር ማይንክራፍት የሚባለውን በብሎክ የተሠራ ዓለም ያለበት የኮምፒውተር ጌም ስንጫወት ዋልን። ተራራ ላይ ፍየል አገኘና ገደለ። ምንም አልወደቀም። «አጎቴ፣ ፍየል እንዴት ሥጋ አይኖረውም?» አለኝ። ጎንደር ላደገ ልጅ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው! በጉ ሥጋ ይጥላል፣ በፈረንጆቹ 2021 ጌሙ ላይ የተጨመረው ፍየል ግን ሲሞት ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው።

«በቃ እናስተካክለው» አልኩት። ጃቫ ኤዲሽን በሚባለው የጌሙ የኮምፒውተር ስሪት፣ እንስሳ ሲሞት ወይም ብሎክ ሲሰበር ምን እንደሚወድቅ የሚወስነው ሉት ቴብል የሚባል የጄሰን (የተራ ጽሑፍ ዓይነት) ፋይል ነው፣ ለመጻፍ ኖትፓድ ይበቃል። የፍየሉ ባዶ ስለሆነ በዳታ ፓክ (የጌሙን ሕግ የሚቀይሩ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር) የራሳችንን ሠራንለት፦ ከ1 እስከ 2 ጥሬ የበግ ሥጋ (የፍየል ሥጋ የሚባል ነገር ጌሙ ውስጥ የለም)፣ እየነደደ ከሞተ ደግሞ የበሰለ። ከዛ ቻቱ ላይ /reload ብሎ መጻፍ ነው፣ ጌሙን መዝጋት እንኳ አያስፈልግም። ሥጋው ዱብ ሲል የጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

እሱ መቼ በዚህ ቆመ! ጠጠር ሲቆፈር ባልጩት የመውጣት ዕድሉ 10 በመቶ ነው፤ ወደ 50 አሳደገውና ቁጭ ብሎ እየቆፈረ መቁጠር ጀመረ። ፐርሰንትን እንዲህ በእጁ ሲነካው ማየት በጣም ደስ ይላል።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ከጌሙ ስሪት 1.21 ወዲህ የሉት ቴብሉ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ የነበረችው ኤስ ወጥታለች (loot_tables የነበረው loot_table ሆኗል)፣ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ እንዳትደክሙ። የፍየሉን ፋይል የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ።