የአምፖል ነገር

ክረምት ሲገባ ኮዬ ፈጬ ማታ ማታ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ። ሐዘን አይደለም፤ ድብርት ለማለትም ይከብዳል። ጭጋጉ ብሎኮቹን ሲሸፍናቸው፣ ከታች የሚጮኹት ውሾች ዝም ሲሉ፣ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ማየት ያምረዋል። መብራቱን አጥፍቼ ሳይ አምፖሉ አልጠፋም። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ብቻ የሚታይ ሐመር ብርሃን ቀርቶበታል። ባለቤቴ «ጂን ነው» ብላ ዞራ ተኛች።

ጂን አይደለም። ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ከማጥፊያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ተጠጋግተው ረጅም መንገድ ሲጓዙ፣ ማንም ሳያስበው ካፓሲተር (ሽቦ ከሽቦ ሳይነካካ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያሻግር ነገር) ይሆናሉ። አቅማቸውን በሜትር 100 ፒኮፋራድ ግድም ብንይዝ፣ 10 ሜትር ላይ 1 ናኖፋራድ ነው። ይህ በ50 ኸርዝ የሚያሳየው ተቃውሞ ከ3 ሜጋኦም ጥቂት ከፍ ይላል፤ በ220 ቮልት ወደ 70 ማይክሮአምፔር ያሳልፋል። ለድሮው የክር አምፖል ምንም ማለት አይደለም፣ ለዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ግን ይበቃዋል። ማጥፊያው ላይ ጠቋሚ መብራት ካለም በእሷ በኩል ያልፋል። የሚያሳስበው ሦስተኛው ምክንያት ነው፦ ኤሌክትሪሺያኑ ማጥፊያው ላይ በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) አስገብቶት ከሆነ፣ «የጠፋ» አምፖል ለመቀየር እጁን የሚሰድ ሰው 220 ቮልት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ማጥፊያው ጠፍቶ እያለ ቴስተር ካቻቢቴ በአምፖል መያዣው ሁለት ነጥቦች ላይ ማስነካት ነው። ደብዘዝ ካለ የሽቦዎቹ ጉርብትና ነው፤ ቦግ ካለ ግን ብሬከሩን አውርዶ ሽቦዎቹን ማስተካከል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መተኛት ይቻል ነበር። ግን ሌላ ሐሳብ ገባ፦ በ70 ማይክሮአምፔር የሚበራ ነገር ከሆነ፣ ፋብሪካው ለምን 30 ሚሊአምፔር ይግተዋል? ከ400 እጥፍ በላይ እኮ ነው።

ካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት ይላል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 5,000 ቀን፣ ማለትም ከ13 ዓመት በላይ ነው። በእኛ ሰፈር ዓመት የደፈነ ርካሽ አምፖል ግን ይመሰገናል። ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «ሆን ብለው ነው» ይልና በ1924 ጄኔቫ ላይ የተቋቋመውን ፊቡስ የሚባል የአምፖል ፋብሪካዎች ማኅበር ያነሣል። እውነቱን ነው። ኦስራምና ፊሊፕስ የነበሩበት ይህ ማኅበር የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወስኖ ነበር፤ የአባላቱን አምፖል እየፈተነ፣ ከልኩ የወጣበትን ፋብሪካ በገንዘብ ይቀጣል። የፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው።

ይሁንና የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው ሁልጊዜ የሚወራው። የተንግስተን ክር ይበልጥ በጋለ ቁጥር ከአንድ ዋት የሚገኘው ብርሃን ይጨምራል፤ ዕድሜው ደግሞ ያጥራል። ቮልቴጁ 5 በመቶ ዝቅ ቢልለት ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ነገር ግን የሚወስደው ኃይል በ8 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ16 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ ያለው የክር አምፖል ቆጣሪ የሚያበላ አምፖል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊቨርሞር በምትባል ከተማ፣ እሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ ይበራል የሚባልለት አምፖልም ምስጢሩ ይኸው ነው። ክሩ ካርቦን ነው፣ የሚወስደው 4 ዋት ግድም ነው፣ የሚጠፋውም ከስንት አንዴ ነው። በእሱ ብርሃን መርፌ ላይ ክር አስገቡ ቢባል ማን ይችላል? የዚያን ዘመን መሐንዲሶች ስግብግብ አለቆች ቢኖሯቸውም፣ እጃቸው ላይ ግን እውነተኛ ሰበብ ነበራቸው።

ኤልኢዲ ላይ ይህ ሰበብ አይሠራም። ያናደደኝም ይኸው ነው። ኤልኢዲ ብዙ ከረንት በተጫነበት ቁጥር ከአንድ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሦስቱም በኩል ኪሳራ ነው። ትርፉ አንድ ብቻ ነው፦ 30 ፍሬ ኤልኢዲ መደርደር የነበረበት ቦርድ በ15 ፍሬ ያልፋል። የሚቆጥበው ፋብሪካው፣ የሚከፍለው ቤት ያለው ሰው።

ማመን ያቃተው የሞተ አምፖል ይፍታ። የወተት ቀለም ያለው ክዳን የተጣበቀው በሲሊኮን ነው፤ ስስ ቢላዋ ዙሪያውን ካዞሩበት በኋላ ጠምዘዝ ሲደረግ ይለቃል። አሁን ፊቴ ያለው 9 ዋት የሚል ነው። ክብ የአሉሚኒየም ቦርድ ላይ 15 ቢጫ ፍሬዎች ተደርድረዋል፤ ስፋታቸው 2.8 በ3.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በገበያው 2835 ይባላሉ። ቢጫው ዱቄት ነው። ከሥሩ ያለው ቺፕ የሚያበራው ሰማያዊ ነው፣ ነጭ የሚሆነው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት የወሰዱባት ሰማያዊ። የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው 18 ቮልት ናቸው፤ 15ቱ በአንድ መስመር ሲያያዙ 270 ቮልት። እንደ መቁጠሪያ ስለተሰኩ አንዷ ስትበጠስ ሁሉም ያልቃል። የሞተችውን መፈለግም አያስቸግርም፤ መሐሏ ላይ የቁንጫ ያህል ጥቁር ነጥብ አለባት።

ነጥቡ ካልታየ መልቲሜትር አያግዝም፤ ዳዮድ መለኪያው የሚያወጣው ቮልት 18 ቮልት ለምትፈልግ ፍሬ አይበቃም። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተገናኝተው፣ ከ1 ኪሎኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ጋር እያንዳንዷ ላይ ማስነካት ነው። ደህናዋ ደብዘዝ ብላ ትበራለች፣ የሞተችው ዝም።

እንግዲህ ጠጋኞቹ ሁሉ የሚያሳዩት የሞተችዋን ነቅሎ ቦታዋን በብየዳ ቆርቆሮ ጠብታ ማገናኘት ነው። ይሠራል፤ ለሳምንታት። ከዚያ ለምን እንደሚሞት የሚናገር ግን ብዙ አላየሁም። በዚህ ዓይነቱ ቦርድ ላይ ከረንቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ የተረፈውን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያባክን ነው። አንዷ ፍሬ ትወስድ የነበረው 18 ቮልት አሁን በእሱ ላይ ይወድቃል፦ 18 ቮልት በ30 ሚሊአምፔር፣ ከግማሽ ዋት በላይ ተጨማሪ ሙቀት፣ ከጤፍ ብዙም በማይበልጥ ሲሊከን ላይ። ሲግል ራሱን ለማዳን ከረንቱን ያንቃል፣ አምፖሉ መርገብገብ ይጀምራል፣ ሰውም «ጥገናው አልያዘም» ይላል።

ስለዚህ መቅደም ያለበት ከረንቱን መቀነስ ነው። ከቺፑ አጠገብ ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች አሉ። እዚህኛው ላይ ሁለቱም 39 ኦም ናቸው፣ በአንድ ላይ 19.5። ቺፑ በእነሱ ላይ 0.6 ቮልት እስኪያይ ድረስ ያሳልፋል፤ 0.6 ለ19.5 ሲካፈል 30 ሚሊአምፔር ግድም ይሆናል። አንዷን መንቀል ብቻ ነው። 39 ኦም ትቀራለች፣ ከረንቱም 15 ላይ ይቆማል። የሚገዛ ዕቃ የለም። 9 ዋቱ ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግን ግማሽ አይሆንም፣ ከግማሽ ይበልጣል። ሁለቱ ሬዚስተሮች እኩል ካልሆኑ መንቀል ያለበት አነስተኛ ኦም ያለው ነው፤ ብዙውን ከረንት የሚያዘው እሱ ነው።

ትልቁ ትርፍ ከሙቀቱ ነው። ከቦርዱ ሥር ያለው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ተብሎ የሚሸጥ ዓይነት ነው። ባለሙያዎች እንደሚያስሉት በየ10 ዲግሪው ቅናሽ ዕድሜው በእጥፍ ያድጋል፤ 95 ላይ 4,000፣ 85 ላይ 8,000፣ 75 ላይ 16,000። ያንኑ ካፓሲተር ሳይቀይሩ የተገኘ ዕድሜ ነው።

ብየዳው ያታክታል። አሉሚኒየም ሙቀት ይጠጣል፤ 40 ዋት መበየጃ ጫፉን አስነክቶ ቢጠብቁ ቆርቆሮው ሊጥ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይፈስም። ቦርዱን ከሥር ማሞቅ ነው መፍትሔው፤ የልብስ ካውያ ገልብጦ፣ በመካከለኛ ሙቀት፣ ቦርዱን ጀርባው ላይ ማስቀመጥ። ያኔ መበየጃው ነካ ሲያደርገው ይለቃል። (የእንጀራ ምጣዱን ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይመልስ። ቆርቆሮው ውስጥ እርሳስ አለ። ደግሞ ባለቤቴ አለች።) ቶሎ መንቀል ያስፈልጋል፣ የፍሬዎቹ ፕላስቲክ ረጅም ሙቀት አይወድም። ክዳኑን ለመመለስ የሱቁ ሲሊኮን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ ይቅር፤ አሲዱ መዳብ ይበላል።

አደጋውን በቀልድ አላልፈውም። 220 ቮልት ወደ አንድ አቅጣጫ ከረንት ሲቀየር ከፍተኛ ጫፉ 311 ቮልት ነው፣ ቦርዱና መስመሩ መሐል የሚለያቸው ነገር የለም። ክዳኑ የተነሣ አምፖል እየበራ አይነካም፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በ10 ኪሎኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ጥቂት ሰከንድ ማራገፍ ነው። መጀመሪያ ሲሞከር ከድሮ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ጋር በተከታታይ ማገናኘት ጥሩ ነው፤ ብየዳው ሾርት ፈጥሮ ከሆነ የክር አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ብሬከር አይወርድም፣ የሚፈነዳም ነገር የለም። ሁለትና ሦስት ጥቁር ነጥብ ያለበትን ቦርድ ግን መጣል ነው። ቀሪዎቹም እየመጡ ነው።

አምፖሉ ትርፍ ቮልቴጁን በሙቀት የሚያባክነው ዓይነት ይሁን አይሁን ሳይፈቱ መለየት ይቻላል፤ ምጣድ ይበቃል። ከጎን ያሉት እትዬ ማታ ምጣድ ሲሰኩ የእኛ ሳሎን ደብዘዝ ይላል፣ መኝታ ቤቱ ግን ምንም አይለውም። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ነው። ዳር ዳር ባለው ሰፈር እንደሚታየው፣ ከቆጣሪ 50 ሜትር በ2.5 ካሬ ሽቦ የተሳበ መስመር ደርሶ መልሱ 0.7 ኦም ይሆናል፤ እዚያ ብቻ 11 ቮልት ይጠፋል። ማታ መስመሩ ራሱ 200 ላይ ወርዶ ከሆነ ቤት የሚደርሰው 189 ነው፣ ጫፉ 267 ቮልት። የሳሎኑ አምፖል ግን 270 ይፈልጋል። መፍዘዙ ይኸው ነው። መኝታ ቤት ያለው ውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለበት ዓይነት ነው፤ ቮልቴጁን እየቆራረጠ ስለሚያወርድ ለ189ም ለ240ም ግድ የለውም። ሱቅ ውስጥ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ እሱ ከበድ ይላል። ባለ ሱቁ አምፖል በእጁ የሚመዝን ደንበኛ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ፊሊፕስ በ2016 ከዱባይ ማዘጋጃ ቤት ጋር ያወጣው አምፖል 3 ዋት ወስዶ 600 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ይሰጣል፣ ለአንድ ዋት 200። ተራው 9 ዋት ለአንድ ዋት 90 ግድም ቢሰጥ ነው። ዱባይ ላይ ያደረጉት ፍሬ ማብዛትና ከረንት መቀነስ ነው፤ እኔ ደግሞ ፍሬ ማብዛት ስለማልችል ከረንቱን ብቻ ቀነስኩ። ጎደለ የተባለውን ብርሃን ለመሙላት ሁለት የተቀነሱ አምፖሎችን ጎን ለጎን መስቀል ነው። ሁለቱ በአንድነት ልክ እንደ አንዱ 9 ዋት ይወስዳሉ፣ ብርሃናቸው ግን ይበልጣል፣ ዕድሜያቸውም። ችግሩ ጣሪያው ላይ ያለው መያዣ አንድ መሆኑ ነው። ስለ ባለ ሁለት አፍ መያዣ ያነበብኩትን ብጽፍ ይነጋል።

ለነገሩ እየነጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ በስሌት ብዙ ዓመት የሚያገለግል አምፖል አለ። የቤቱ ውል ደግሞ የሚያልቀው መስከረም ላይ ነው። አከራያችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ የሳሙና ማስቀመጫ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ስንለቅ ፈትቼ ብወስደው ምን ይሉኛል? ትቼው ብሄድስ፣ የሚቀጥለው ተከራይ «ይሄ ነገር ደብዛዛ ነው» ብሎ በገባበት ቀን አይጥለውም?