ቢጫዋ ቧንቧ

ዩክሬን ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁበት ግቢ አጥር ላይ ቢጫ የተቀባች የጋዝ ቧንቧ ነበረች። አጥሩን ተከትላ መጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ሽቅብ ትወጣለች፤ በላይ ተሻግራ ደግሞ ትወርዳለች። መኪና እንዲገባ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን «ጋዝን የሚያህል ነገር ደጅ ይተዋል?» ብዬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ለመድኩት።

በጃንዋሪ 2009 ሩሲያና ዩክሬን በዋጋና በዕዳ ተጣሉ፤ በዩክሬን በኩል ወደ አውሮፓ የሚያልፈው ጋዝ ለሁለት ሳምንት ገደማ ቆመ። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ምድጃውን ይለኩሱና ጎንበስ ብለው ሰማያዊውን ነበልባል ያዩታል። ከትናንቱ አንሶ እንደሆነ ብለው ነው። አላነሰም። ቡልጋሪያ ግን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ግራ ገባኝ። የተጣላው እየሞቀው፣ ያልተጣላው ይበርደዋል?

ነገሩ ያለው ምዕራብ ዩክሬን፣ መሬት ስር ነው። ጋዛቸው ወጥቶ ያለቀባቸው አሮጌ የጋዝ ቦታዎች መጋዘን ሆነዋል፤ የአገሪቱ መጋዘኖች በጠቅላላው ወደ 31 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይይዛሉ። ያን ክረምት ባለሙያዎቹ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ የተሠራውን መስመር ገልብጠው ጋዙን ወደ ምሥራቅ ከተሞች መለሱት። እኔ በዚያ እሳት ሻይ አፈላ ነበር።

መንገድ የያዘ አገር ጉልበት አለው፤ ግን ባለ ዕቃውም ዝም አይልም። ሩሲያ በባልቲክ ባሕር ስር በ2011፣ በጥቁር ባሕር ስር ደግሞ በ2020 ሌላ ቧንቧ ከፈተች። በ1998 ከ140 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ጋዝ ያለፈባት ዩክሬን፣ በ2023 ያሳለፈችው 15 ገደማ ነው።

እስካሁን የሚደንቀኝ ግን ጦርነቱ ነው። ከፌብሩዋሪ 2022 በኋላም ጋዙ አልቆመም። ሩሲያ ለምትወጋት አገር የማሳለፊያ ክፍያ (የኬላ ቀረጥ በሉት) ትከፍላለች፤ ዩክሬንም የጠላቷን ጋዝ ታሳልፋለች። የአምስት ዓመቱ ውል ሲያልቅ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጠዋት፣ ቆመ።

ሁለት ወር አለፍ ብሎ ደግሞ የሩሲያ ወታደሮች በዚያው ባዶ ቧንቧ ገቡ፤ በዩክሬናውያን እጅ ወደነበረችው የሩሲያ የድንበር ከተማ ሱጃ ከኋላ ሊደርሱ። ስፋቱ 1.4 ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ በቀረው ጋዝ እየታፈኑ፣ ጎንበስ ብለው ኪሎ ሜትሮች ሄዱበት።