ሩዝ እየታየ ይበስላል እንዴ?

ትእዛዙ የአሥር ሰው ፓኤያ (የስፔን የሩዝ ምግብ) ነበር። 1 ኪሎ ቦምባ ሩዝ፣ 3 ሊትር የፈላ መረቅ፣ 60 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ። ዶሮው ተጠብሷል፣ ቲማቲሙ ውኃው እስኪመጥ በስሏል፣ ፓፕሪካው ገብቶ ሳያርና ሳይመር ወዲያው መረቁ ተደፍቶበታል፣ ሩዙም በስሱ ተዘርግቷል። ሼፉ ስልክ ተደውሎለት ሲወጣ ለአዲሱ ልጅ "ይህን እየው" አለው።

ልጁ ከዚያ በፊት የጣሊያኖቹ የሩዝ ምግብ፣ ሪዞቶ ላይ ነበር። ሪዞቶ ላይ እጅ አያርፍም፤ ትኩስ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ እየተጨመረ ይማሰላል፣ ፍሬው ሲፋተግ ከላዩ የሚለቀው ስታርች መረቁን ክሬም ያስመስለዋል። (ሩዙን አጥቦ ሪዞቶ የሚሠራ ሰው ታዲያ ምን እያሰበ ነው?) ማማሰያውን አነሳ።

ሼፉ ሲመለስ መጥበሻው ላይ ያለው ገንፎ ነበር።

"ማን ነካው?"

"እንዳያር ብዬ አማስዬው ነው፣ ሼፍ።"

"እየው አልኩህ እንጂ አማስለው አልኩህ?"

"ሩዝ እየታየ ይበስላል እንዴ፣ ሼፍ?"

ዕቃ አጣቢው ሳቁን ለመደበቅ ውኃውን ከፈተ።

ፓኤያ ግን በእርግጥ እየታየ ነው የሚበስለው። ጨው የሚቀመሰው መረቁ እንደገባ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የለም። 10 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት፣ 8 ደቂቃ ያህል በቀስታ፤ መረቁ ሲያልቅ እሳቱ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከፍ ይልና ከሥር ጠሽ ጠሽ ሲል ቆሎ ቆሎ ይሸታል። ያ ቅርፊት ሶካራት ይባላል፣ ሰው የሚሻማውም እሱን ነው። ከተማሰለ ስታርቹ መረቁን ያወፍረዋል፣ የወፈረ መረቅ ደግሞ ከሥር ይይዛል። ልጁ እንዳያር ብሎ ያደረገው ራሱ የሚያሳርረው ነገር ነበር።

ሁለተኛውን ሼፉ ራሱ ጣደው፣ እጁን አጣምሮም ቆመ። ምድጃው ከመጥበሻው በጣም ይጠብ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን መጥበሻውን ከእሳቱ መሃል ፈቀቅ አድርጎ በየደቂቃው ሩብ ዙር ማዞር ነው፣ አለበለዚያ መሃሉ እየነደደ ጠርዙ ጥሬ ይቀራል። ልጁ "ሼፍ፣ መሃሉ ሸተተ" አለ። "እሱ ሶካራት ነው" ተባለ። ሶካራት ቡናማ ነው፤ ይህ ከሰል ነበር። ለእንግዶቹ የቀረበው በጥቁሩ መሃልና በጥሬው ጠርዝ መካከል የተረፈው ቀለበት ነው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ማንኪያ።

የተማሰለው አልተጣለም። ልጁ ትንሽ ትኩስ መረቅ ጨመረበት፣ ከእሳት አውርዶ ቀዝቃዛ ቅቤና የተፈቀፈቀ ፓርሜዛን አይብ እየመታ አዋሃደውና ለሠራተኛው ምሳ አወጣው። ሼፉ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጨለፈ።

"ጨው ያንሰዋል" አለና ወጣ። ጨዉን የቀመሰው ራሱ ነበር።