ሰማይን በቴርሞሜትር

ፍሪጅና ኤሲ ጠግኜ ነው የምኖረው፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይህ ሥራ አይጠፋም። ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው ሽጉጥ የሚመስለውን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። የሚያብለጨልጭ የመዳብ ቱቦ ላይ ይዋሻል፣ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ ነው የምለካው። ማታ ግን ሰማይ ላይ አነጣጥረዋለሁ። የሳቢያን ጎረቤቶቼ ለምደውኛል።

ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ከዜሮ በታች 20 እና ከዚያም በታች ያነባል። ነሐሴ ላይ ደመና ሲከብድ ያው ሰማይ ከዜሮ በላይ ይወጣል።

መሣሪያው የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር የሆነውን የሙቀት ጨረር ብቻ ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን የደረቅ አየር 99 በመቶ ሆነው ሳለ ይህን ሙቀት ዝም ብለው ያሳልፉታል። ሁለት አንድ ዓይነት አተሞች ሲርገበገቡ የኤሌክትሪክ ሚዛናቸው ስለማይዛባ ጨረሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የሚውጡት ጥቂቶቹ ናቸው፦ የውሃ እንፋሎት፣ 15 ማይክሮሜትር አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 9.6 ላይ ኦዞን። በመሃል የቀረው ክፍተት ነው የምድርን ሙቀት ወደ ጠፈር የሚያስወጣው። በጋ ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚለን፣ እርጥበት ሲመጣ ግን ፍራሽ ግቢ አውጥተንም የሚያልበን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ እኛ ቴክኒሻኖች የምንሞላው ጋዝ የሚውጠው ልክ እዚህ ክፍተት ላይ ነው። አር-134ኤ የሚባለው የፍሪጅ ጋዝ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይበላም ተብሎ ክሎሪን ያለበትን የድሮውን ጋዝ የአር-12ን ቦታ ያዘ፤ እውነትም አይበላም። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ግን 8 እና 9 ማይክሮሜትር አካባቢ ይርገበገባል። በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎው 1,400 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ሙቀት ያፍናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ አገሮች እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው።

ደንበኛ ግን «ልቀቀው፣ ነፋስ ይወስደዋል» ይላል። ወዴት ነው የሚወስደው? አንድ የቤት ፍሪጅ 100 ግራም ቢይዝ 140 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ለቀቅኩ ማለት አይደል? ጋዙን በሲሊንደር እሰበስበዋለሁ፣ ለዚያም አስከፍላለሁ። ያልተስማማው ሌላ ጠጋኝ ይፈልጋል፣ አልከፋም።

አዳዲሶቹ ፍሪጆች የሚይዙት አር-600ኤ ሙቀት በማፈን ከቁጥር አይገባም፤ ችግሩ ይነዳል። እሱን ልፈታ ስመጣ መጀመሪያ የቡናውን ከሰል ከቤት አስወጣለሁ፣ እናቶች ቢቆጡም።