ጋቢ ይዤ ኮምቦልቻ

ዛሬ ለአንድ ማኅተም ብዬ ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትጨርሱ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላል። ጠዋት የተከናነብኩት ጋቢ መናኸሪያ ስደርስ ክንዴ ላይ ነበር።

ወይን ጠጅ ከተባለ ሰው ዝዋይን ያነሳል። ኮምቦልቻ ግን የቢራ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁም፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ እኔን የያዘኝ ግን የብቅሉ ሽታ ነው። (ቢራ አልቀምስም፣ ሽታውን ግን እወደዋለሁ።)

አንድ አባት የቢራ አተላ በጋሪ ጭነው ቆመዋል። ውሃው በማዳበሪያው ጠብ ጠብ ይላል።

«ለከብት ነው አባባ?»

«ለላሚቱ ነው ልጄ። እሷ ናት የፋብሪካው ደንበኛ፣ እኔማ ሰላቴን ሰጋጅ ነኝ።»

ማኅተም ያዡ ለምሳ ወጥቶ ቀረ። ነገም ልወርድ ነው፤ ያለ ጋቢ።