ሣሩን ማን አቃጠለው?

የምንሠራው የሰው ሠራሽ ሣር ማንጠፍ ሥራ ነው፤ በብዛት የቤት ጓሮ። ይሄኛውም እንደዚያው ነበር። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ትልልቆቹም መረብ ወጥረው ላብ የሚያወጡበት ትንሽ ሜዳ። አፈሩን ቆፍረን አወጣን፣ ጨርቁን ዘረጋን፣ የተፈጨ ጠጠር በየደረጃው እያፈሰስንና እያረጠብን በማሽን ጠቀጠቅነው። ውሃ እንዳይተኛበት በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዘቅዘቅ አደረግነው። መጋጠሚያው በደንብ ተጣበቀ፣ አሸዋው ገባ፣ ተቦረሸ፣ አለቀ። ይህን የምዘረዝረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። በኋላ ጥፋተኛ ሲፈለግ መጀመሪያ የተጠረጠረው የእኛ ሥራ ስለሆነ ነው።

ብርዱ ሲጠና ባለቤትየዋ ደወሉ። «ሣራችሁ ተቃጥሏል፣ ኑና እዩት» አሉ።

ሄድን። እውነትም ተቃጥሏል፤ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ መስመር ሜዳውን ይዞ ይሄዳል። ቃጫዎቹ ጫፋቸው ተኮማትሮ እርስ በርስ ተጣብቋል፣ በጥፍር ሲነኩት ደረቅ ቅርፊት ነው። ጥቁረት የለውም። አመድ የለም። የጭስ ሽታም የለም። ከመስመሩ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለው ሣር ደግሞ ዛሬ የተነጠፈ ይመስላል።

ግምቱ ወዲያው ተጀመረ። ባለቤትየዋ የጎረቤት ልጆች ርችት ጥለውበታል አሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሙጫው ነው አለ፣ መስመሩ ግን ከመጋጠሚያው ጋር አይገናኝም። ሌላው ፀሐይ ነው አለ። ፀሐይ ቢሆንማ ሜዳው በሙሉ ነበር የሚቀልጠው። ሰው ሠራሽ ሣር በበጋ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ ባዶ እግር አያስረግጥም፣ ግን አይቀልጥም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ የሚቀልጠው እንደ ዓይነቱ ከ105 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ያውም ጊዜው ብርድ ነው!

ፎርማናችን ጋሼ እንለዋለን፤ ብዙ አያወራም። እኛ መሬት ላይ ተንበርክከን ስንከራከር እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቁን ያያል። ከዚያ «እትዬ፣ ያ መስኮት መቼ ነው የተቀየረው?» አላቸው። እሳቸውም ባለሁለት መስታወት ነው፣ ሙቀት አያስወጣም ተብሎ በቅርቡ ያስገቡት መሆኑን ነገሩት፤ ከሣሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልገባንም።

«ፀሐይዋ ትምጣ» ብሎ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ቤቱ ላይ ስታርፍ ሜዳው ላይ አንድ ደማቅ የብርሃን ሰረዝ ወጣ። ልክ የተቃጠለው ጫፍ ላይ። ጋሼ መዳፉን አስቀመጠና ወዲያው ነጠቀው። እኔን መሰላል ላይ አወጣኝና ካርቶን በመስኮቱ ውጪ እንድይዝ አዘዘኝ። ካርቶኑን ስይዝ ሰረዙ ይጠፋል፣ ሳነሳው ይመለሳል። ባለቤትየዋ «እስኪ እንደገና» እያሉ ደጋግመው አስያዙኝ፤ እጄ ዛለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ጋዝ የታሸገ ነው። ሲበርድ ይኮማተራል፣ ያኔ መስታወቶቹ በዓይን በማይታይ መጠን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፣ ከውጪ ሲታይ መስታወቱ ጎድጓዳ መስተዋት ይሆናል ማለት ነው። ሙቀት እንዳያሳልፍ የተቀባው ስስ ሽፋን ደግሞ ጨረሩን መልሶ ይወረውራል። ጎድጓዳው ጨረሩን አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፣ ፀሐይዋ ስትሄድ የተሰበሰበው ብርሃንም አብሮ ይሄዳል። መስመር የሠራው ለዚህ ነው።

ባለቤትየዋ መጋረጃውን ልዝጋው አሉ። አይጠቅምም፤ ጨረሩ የሚመለሰው ገና ቤት ሳይገባ ነው። መከላከያው ከውጪ መሆን አለበት፦ የወባ ትንኝ ወንፊት የመሰለ መረብ፣ በውጪው በኩል የሚለጠፍ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፕላስቲክ፣ ወይም ጥላ የሚጥል ነገር። እሳቸው መረቡን መረጡ። ዛፍ ልትከል ብለው ነበር፣ ግን ዛፉ እስኪያድግ ሜዳው አያልቅም ወይ?

ጥገናው ያን ያህል አልከበደም። አሸዋውን ጠርገን አወጣን፣ የተበላሸውን ቆርጠን በቁራጭ ተካነው። ቁራጩ ከራሱ ከሜዳው ጥቅል የተረፈ ነው፣ ጋሼ ከየሥራው የተረፈውን ቁራጭ ጽፎበት ስለሚያስቀምጥ። ይህ ልማዱ ሁሌ ያስቀን ነበር፣ መጋዘኑ በቁራጭ ሞላ እያልን። ከሌላ ጥቅል ቢሆን ቀለሙ ትንሽ ይለይ ነበር፣ የቃጫው አቅጣጫ ከተዛባ ደግሞ ጥገናው ከሩቅ ይታወቃል።

ጭቅጭቁ የመጣው ከክፍያው ላይ ነው። ባለቤትየዋ ዋስትና አለን አሉ። ዋስትናውስ አለ፤ ግን የአምራቾች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በነጸብራቅ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም፣ ወረቀቱ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ጋሼ ጉልበቱ ከእኛ፣ መረቡ ከእርስዎ ብሎ ጨረሰው።

አሁን ለልኬት ስንሄድ ከመሬቱ በፊት መስኮት እናያለን። የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም፣ እሱ ይብሳል፤ በሰው ቤት መስኮት ላይ መረብ ስቀሉ ማለት አይቻልም። በቅርቡ አንዱን ደንበኛ የጎረቤትዎ መስኮት ያሰጋል፣ መጀመሪያ ያነጋግሯቸው ብለን በጽሑፍ ሰጠነው። ሣር ልታነጥፉ ነው የመጣችሁት ወይስ ጎረቤት ልታጣሉኝ ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ።